የተቋጠረው አንሶላ

ጥቅሉ በእንጨቱ ቦይ ውስጥ እየተንጓጓ ወረደና ከድንጋዩ ወለል ላይ ዘጭ አለ። እሱ ሳይነሣ ሌላ ተከተለው፤ ከዚያም ሌላ። እትዬ በዘንግ ታማስለው የነበረውን ትልቅ የመዳብ ድስት ትታ፣ በእንፋሎቱ መካከል መንገዷን በእጇ እየዳበሰች ሄደችና ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው።

«መና ወረደልሽ እትዬ» አለ ከላይ፣ ከቦዩ አፍ የመጣ የወንድ ድምፅ። «ዛሬ ሰማዩ ቸር ነው።»

«እንዲህ ያለውን መና አንተው ብላው» አለች ቀና ብላ። «ደግሞ ቀስ ብለህ ጣል። ቅድም የወረደው የወይዘሮ ሳሙናን አናት ሊፈነክት ነበር።»

«የሷን አናት? ጥቅሉ ይተርፋል?»

ወይዘሮ ሳሙና ከሁለቱ ተሽከርካሪ እንጨቶች መካከል አንሶላ እያሾለከች የመጭመቂያውን እጀታ ታዞር ነበር። እጀታውን ሳትለቅ አንገቷን ብቻ ወደ ቦዩ አዞረች። «ንገሪው። ይህ መቅሠፍት ሲያልፍ መጀመሪያ የማደርገው ወጥቼ ጆሮውን መጎተት ነው። ንስሐው እንኳ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

«ሰምቻለሁ» አለ ባቡር ከላይ፣ ክዳኑንም ዘጋው።

ባቡር በሽተኛ ተሸካሚ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው፤ ቃሬዛውን ይዞ በረጅሙ ኮሪደር ሲከንፍ «ዞር በሉ» በማለት ፈንታ ያፏጫልና። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ጀምሮ እትዬና እሱ የሚተዋወቁት እንዲህ በመነካከፍ ነበር። በዚያ ቀን ግን ቀልዱ ከወትሮው በዝቶ ነበር። እትዬ ይህን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

ጦርነቱ ገና አላበቃም፤ ይሁን እንጂ ስለ ጦርነቱ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ቁስለኛ ለማከም የተሠራው ሆስፒታል ትኩሳት በሚያነድዳቸውና ደረታቸው በሚያፏጭ ሰዎች ተሞልቶ፣ ፍራሽ በኮሪደር፣ ከዚያም በደረጃው ማረፊያዎች ላይ ተነጠፈ። ከልብስ አጣቢዎቹ የሚበዙት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረገፉ፤ የታማሚውን ላብና ትፋት ከሁሉ ቀድሞ የሚነካው የእነሱ እጅ ስለሆነ ማንም አልገረመውም። በዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ አዛዥ፣ ሻለቃ ሐኪሙ፣ ትእዛዝ አወጡ። ልብስ የሚታጠብበት ምድር ቤት ይታሸግ፤ የታችኛው ሰው ወደ ላይ አይውጣ፤ የላዩም ወደ ታች አይውረድ፤ ወደ ላይ የወጣ አጣቢ ቢኖር ተመልሶ አይግባ። ልብስ የሚያጥብ ሰው ፈጽሞ ቢጠፋ ሆስፒታሉ በሩን ሊዘጋ እንደሚችል ሻለቃው ተረድተው ነበርና፣ የቀሩትን ሁለቱን እንደ ጥይት ቆጥበው ያስቀመጡ መሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ ንጹሑ ልብስ በቅርጫት ሆኖ ከበሩ ሥር ይቀመጣል፤ አጣቢዎቹ አንኳኩተው ይርቃሉ፤ የላዩ ሰው በበሩ ግርጌ ባለችው ትንሽ መስኮት እጁን ሰድዶ ይስበዋል። ያደፈው በቦዩ ይወርዳል። የሕያው ሰው አንሶላ ተድበልብሎ ይጣላል። የሟች ከሆነ ግን ተሸካሚዎቹ አራቱን ጫፎች በመስቀለኛ ቋጥረው ይሰዱታል፤ አጣቢዎቹም ቋጠሮውን ሲያዩ ከሌላው ሳይቀላቅሉ ወደ ኖራው ገንዳ ይከቱታል። ይህን ያዘዘ አለቃ የለም። ተሸካሚና አጣቢ፣ እርስ በርስ ለመተሳሰብ ሲሉ፣ በመካከላቸው ያቆሙት ሥርዓት ነው። ኋላ ላይ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ተጨመረ፤ አንሶላ ስላነሰ፣ በጋሪ ተጭኖ ወደ መቃብር የሚሄድ ሬሳ አንሶላ ይዞ እንዳይወጣ ተባለ። በግቢው በር የቆመው ወታደር የጋሪውን ሸራ ገልጦ ይፈትሻል።

የእትዬ ብቸኛ ልጅ የምትሠራው ከላይ ነበር። የሴቶቹን ክፍል ወለል በብሩሽና ጀርም በሚገድል የካርቦሊክ ውኃ የምታሽ፣ ሰውን አስመስላ የምታስቅ፣ የሻለቃውን አረማመድ ከባልዲዋ ጋር ሆና የምትደግም ልጅ ነበረች። ምድር ቤቱ የታሸገ ዕለት እናት ከታች፣ ልጅ ከላይ ቀሩ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያን ያህል አልከፋም። ልጅቷ ሥራዋን ስትጨርስ የቦዩን ክዳን ከፍታ፣ በሆዷ ተኝታ፣ ከእናቷ ጋር ስታወራ ታመሻለች። ከዚያ ታመመች።

አልጋ የሚገኘው በፊት ለፊቱ በር ገብቶ ካርድ ለወጣለት ሰው ነው። ወለል ጠራጊ በጓሮ በር ትገባለች፤ ካርድ አታወጣም። ባቡር ተሸክሞ ወሰዳትና በልብስ ማስቀመጫዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ በገለባ ፍራሽ ላይ አስተኛት። «እዚህ ይሻልሻል» አላት፤ «ከእናትሽ ጋር ጎረቤት ሆንሽ ማለት ነው።» እትዬም ጠርዟ በሰማያዊ ክር የተሰፋች የራሷን አንሶላ፣ ከቤቷ ያመጣቻትን፣ በቅርጫቱ ላከችላት። ያቺ አንሶላ ጠዋት ጠዋት ትወርዳለች፤ እትዬ ከሁሉ አስቀድማ ታጥባትና በምድጃው ወገብ ላይ አድርቃ፣ ቀትር ላይ መልሳ ትልካለች።

የልጅቷ ሳልም በቦዩ ይወርድ ነበር። ሳሉ ሲመጣ እናት ታለቅሳለች፤ ሲቀር ደግሞ ዘንጓን አቁማ ታዳምጣለች።

የመናው ቀልድ በተወራበት ቀን ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ እንዲህ ተነጋገሩ።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ የኔ ዓለም።»

«ዛሬ ሻለቃው እዚህ ገብተው ነበር። ፋሻ ሲፈልጉ።»

«አዩሽ?»

«በላዬ ተራመዱ። ከዚያ ባልዲዬን በእግራቸው መቱና ‹ይቅርታ› አሉ።»

«አንቺን?»

«ባልዲውን።» ልጅቷ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነ፤ ሳሉም ቶሎ አልለቀቃትም።

እትዬ ሁለቱን እጆቿን በቦዩ አፍ ላይ አድርጋ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ልምጣ» አለች። «በሩ ላይ የለጠፉት ወረቀት ነው፤ ብረት አይደለም።»

«መጥተሽስ? ወይዘሮ ሳሙና ብቻዋን ምን ታደርጋለች? እዚህ ያሉት ሴቶች በምን ይተኙ? እኔስ በምን ልተኛ?»

«ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ከየት? ሰው የት አለ እማ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ አልፈራሁም። ብቻ ወሬ አውሪልኝ። ያ የጎረቤታችን ሰውዬ በቅሎውን ለመሸጥ ሄዶ ራሷኑ ገዝቷት የተመለሰውን።»

እትዬ አወራችላት። ያንን ተረት የማያውቅ በምድር ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ቢሆንም ወይዘሮ ሳሙና እጀታዋን አቁማ ሰማች፣ ባቡርም ከላይ ያለ ቦታው ሳቀ። በመጨረሻ እትዬ እንዲህ አለች፤ «ነገ ጠዋት ካልተሻለሽ እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ሻለቃውም ቢሆኑ አያቆሙኝም።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። «ነገ ጠዋት።»

በማግስቱ ንጋት ላይ ቦዩ ጸጥ ብሎ ነበር። እትዬ ከድስቱ ሥር እሳት ከማንደዷ በፊት ጆሮዋን ጣለች፤ ምንም የለም። ክዳኑ ሲከፈት ባቡርን ጠየቀችው።

«ልጄስ?»

ባቡር ክዳኑን ሊዘጋ ጀምሮ ተወው። «ተኝታለች። ትኩሳቱ የለቀቃት ይመስለኛል፤ ላብ አጥልቋት ነው ያደረችው። ሳሏ እንዳልተሰማሽ አላስተዋልሽም?»

«አስተውያለሁ።»

«እንግዲያው አትቀስቅሻት። አንሶላዋን ስትነቃ እጥልልሻለሁ። ሥራሽን ሥሪ።»

ሠራች። ከወረርሽኙ መግባት ወዲህ እንደዚያ ጠዋት ሠርታ አታውቅም። ዘንጉ በእጇ ቀለላት፤ የኖራው ሽታ እንኳ አልከረፋትም። ልጇ ስትድን የሚያዘጋጁትን፣ የሚሄዱበትን፣ በቤታቸው ያለውን አሮጌ አልጋ አውጥተው የሚጥሉበትን ቀን ጮክ ብላ ታወራ ጀመር።

«እንዴት ነው ነገሩ» አለች ወይዘሮ ሳሙና። «ለሠርግ ልትጠሪን ነው እንዴ? እኔ የምለብሰው የለኝም።»

«ከዚህ ክምር አንዱን አንሶላ ትለብሻለሽ።»

«የመኮንኖቹን ነዋ። ቢያንስ ስፋት አለው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ድስቱ ይንተከተካል፣ ጥቅል ይወርዳል፣ ባቡር ስለ መና ይቀልዳል። ፀሐይ በላይኛዋ ትንሽ መስኮት አልፋ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ግን አንድ ጥቅል ብቻውን ወረደ። ቀለል ያለ ነበር፤ ቦዩን እንደ ሌሎቹ አልደበደበውም። ምንም ቀልድ አልተከተለውም። እትዬ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክር አለ። አራቱ ጫፎች በመስቀለኛ ታስረዋል፤ አስተሳሰሩ ጥብቅ፣ የለመደ እጅ ያሰረው ነበር።

ወይዘሮ ሳሙና የመጭመቂያውን እጀታ ለቀቀች።

ከላይ አንድ ነገር በወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ የሰው ጉልበት ይመስላል። «እትዬ» አለ ባቡር። «እትዬ ስሚኝ። እጄ ነው። ቀኑን ሙሉ ስቋጥር ስለምውል እጄ ለምዶብኝ ነው። ሳላስበው ነው ያሰርኩት። ምንም የለም፤ ፍቺው።»

እውነት ሊሆን ይችል ነበር። እትዬ ራሷ ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ብርድ ልብሷን ስትጨምቅ ነቅታ ታውቃለች፤ እጅ የሚሠራውን ከለመደ ባለቤቱን እንደማይጠይቅ እሷን ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ለማመን ፈለገች። ቋጠሮውን ቀስ ብላ ፈታችና አንሶላዋን በሁለት መዳፏ ዳበሰቻት። ላብ አጥልቋት አደረች የተባለችው ልጅ አንሶላ ደረቅ ነበር።

«ባቡር» አለች። «ቀስቅሳት።»

«ተኝታለች እኮ። ስንት ሌሊት ሳትተኛ ቆይታ...»

«አንዴ ትሳልልኝ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ሥራዬን እቀጥላለሁ።»

ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ፣ ወደ ጨለማው የቦይ አፍ፣ ይሳብ ነበር። ከዚያም ሳል መጣ። ቀጠን ሊል የሞከረ፣ የወጣት ሴት ሳል ለመምሰል የታገለ፣ ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ትምባሆ ካጨሰ ደረት የወጣ ሳል። አንዴ ሳለ። እንዳልበቃ ሳይገባው አልቀረም፣ ደገመው። በሦስተኛው ላይ ሳሉ ለቅሶ ሆነበት።

«ይብቃህ ወንድሜ» አለች እትዬ። «ጉሮሮህን አትጉዳ።»

«ሊነጋ ሲል ነው» አለ ባቡር። «እጇን ይዣት ነበር፤ ብቻዋን አልነበረችም። እኔ ወዲያው ልነግርሽ ነበር። ዋናዋ ሲስተር ናቸው... እጥበቱ እስኪያልቅ አትንገራት አሉኝ። የሴቶቹ ክፍል ግማሹ በባዶ ፍራሽ ላይ ነው ያለው አሉኝ።»

«የት አደረግሃት?»

«እዚሁ ናት። ለከሰዓቱ ጋሪ ነው የተባለችው።»

እትዬ ደረቷን ለመምታት እጇን አነሣች፤ መልሳ ግን በእርጥብ ልብሷ ላይ ጠረገችው። ከዚያ ለሴቶቹ ክፍል ታጥፎ ከተዘጋጀው ክምር ላይ አንድ አንሶላ አነሣች። ገና ከምድጃው ሙቀት አልወጣም ነበር። በክንዷ ላይ አኖረችው።

«ከወጣሽ አያስገቡሽም» አለች ወይዘሮ ሳሙና።

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷም... አንዴ የሆነው ሆኗል።»

«አውቃለሁ። አንቺስ? ብቻሽን አትችዪውም።»

ወይዘሮ ሳሙና የኖራውን ገንዳ፣ ድስቱን፣ ያልተነካውን የጥቅል ተራራ አየች። «አልችለውም» አለች። «ሂጂ።»

በበሩ ላይ የተለጠፈው ማሸጊያ በእንፋሎት ርሶ ስለ ነበር ሲቀደድ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

በደረጃው ላይ፣ በሁለተኛው ማረፊያ፣ ዋናዋ ሲስተር ትከሻቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆመው ነበር። አፍና አፍንጫቸው በሻሽ ተሸፍኗል፤ ከቆባቸው ሥር ያመለጠ ሽበት በግንባራቸው ላይ ተለጥፏል። እትዬን ሲያዩ ቀጥ አሉ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

ዓይናቸው በክንዷ ላይ ካለው አንሶላ ላይ አረፈ። «ነገረሽ ማለት ነው።»

«አልነገረኝም። ደበቀኝ፤ አልቻለበትም እንጂ።»

«እሱን አትቆጪው። እኔ ነኝ ያዘዝኩት።» ድምፃቸው ክርክርም ይቅርታም አልነበረበትም። «ጠዋት ብነግርሽ ኖሮ ለቀትር የሚነጠፍ አይኖርም ነበር። አስቤ ነው ያደረግሁት። ነገ ሌላ እናት ብትሆን እንዲሁ አደርጋለሁ።»

እትዬ ልትረግማቸው አፏን ከፈተች። የምትለው ሁሉ በጉሮሮዋ ተሰልፎ ነበር፤ ጠዋት ስታወራው የነበረው አሮጌ አልጋ ድንገት ትዝ ሲላት ግን ሁሉም ጠፋባት። «እስካሁን ስስቅ ነው የዋልኩት» አለች። «ይህንን እንኳ ባያደርጉብኝ።»

ሲስተር ወደ መሬት አዩ። ከዚያም፣ «አንሶላው ግን ትእዛዝ አለበት» አሉ። «በሩ ላይ ይወስዱታል።»

«በሩ እስኪደረስ የሷ ነው።»

ሲስተር ወደ ግድግዳው ተመልሰው ተጠጉ። መንገድ መልቀቃቸው ይሁን ድካም፣ እትዬ አልጠየቀችም፤ አለፈች።

የልብስ ማስቀመጫዋ ክፍል መደርደሪያዎች ባዶ ነበሩ። ባቡር ቆቡን በእጁ ጨብጦ ጥጉን ይዟል። ልጅቷን በሸራ ከረጢት ሸፍኗት ነበር፤ ሊያሳምረው ሞክሮ ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፏቸዋል። እትዬ ገለጠቻት። ጠጉሯን ሰበሰበች፣ ከንፈሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ወለል ሲታሽ የደነደኑትን ጉልበቶቿን ሁለቱንም በመዳፏ ያዘች። ብዙ ቆየች። ከዚያ አንሶላውን ዘረጋችና ልጇን ጠቀለለቻት፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ፣ ለማያውቋት ሰዎች አልጋ ስታጥፍ በኖረችበት አኳኋን። አንሶላው አሁንም ይሞቅ ነበር፤ የሞቀው ግን ጨርቁ ብቻ ነው።

«የኋላውን ማን ይይዛል?» አለች ቃሬዛውን አይታ።

«ሰው እፈልጋለሁ» አለ ባቡር። አብሮት ይሸከም የነበረው ጓደኛው ባለፈው ሳምንት በዚሁ ቃሬዛ ወጥቷል።

«እኔ እይዛለሁ።»

«አይሆንም እትዬ። ይህ አይሆንም።»

«ሌላ ማን አለ?»

ባቡር ጎንበስ ብሎ የፊቱን እጀታ ያዘ። በኮሪደሩ ሲያልፉ አላፏጨም፤ በፍራሾቹ መካከል በእርጋታ፣ ጠርዝ ሳይነካ ሄደ። አንዲት ታማሚ አንገቷን ቀና አድርጋ ተመለከተቻቸውና፣ «እንዴት ያለ ንጹሕ አንሶላ ነው» አለች።

ሰማዩ ደምኖ ነበር። ጋሪው ከጓሮው በር ፊት ቆሞ፣ ፈረሱ አንገቱን ጥሏል። በሸራው ሥር የተኙት ሁሉ እንደ ተወለዱ ራቁታቸውን ነበሩ። ጋሪ ነጂው ቃሬዛው ሲደርስ እንደ ወትሮው እጁን ወደ አንሶላው ጠርዝ ሰደደ።

«ተው» አለ ባቡር።

«ምኑን ልተው? አንተ አታውቀውም እንዴ ትእዛዙን? ወታደሩ እኔን ነው የሚያስረኝ።»

«የሷ ልጅ ናት።»

ጋሪ ነጂው የኋላውን እጀታ የያዘችውን ሴት እስካሁን አላያትም ነበር። አሁን አያት። እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ከአንሶላው አነሣ። «እማማ» አለ፤ «እኔ አልነካትም። በሩ ላይ ያለው ግን...»

«ገብቶኛል ልጄ። እንጫናት።»

ሦስቱ ሆነው ከዳር በኩል አስቀመጧት። ከግቢው ማንም እንዳይወጣ ተከልክሏልና እትዬ ከጋሪው ጋር መሄድ አልቻለችም። የእንጨቱን ጠርዝ ይዛ ጥቂት ተራመደች፤ ጋሪው ሲፈጥን እጇ በራሱ ለቀቀ።

የግቢው በር ጋ ሲደርስ ወታደሩ እጁን አነሣ። ጋሪው ቆመ። ነጂው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ወደ ግቢው እያመለከተ የሆነ ነገር ይናገር ጀመር። ወታደሩ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ ወደ ጋሪው ኋላ መጣና የሸራውን ጫፍ ያዘ።

እትዬ ዞረች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ሆስፒታሉ ግድግዳ አድርጋ ቆመች። ባቡር በትከሻዋ በላይ ያይ ነበር።

«እትዬ...»

«አትንገረኝ።»

«ወታደሩ እኮ...»

«ዝም በል ወንድሜ። ውሸት አትችልበትም፤ እውነቱን ደግሞ እኔ አልፈልገውም።»

ከኋላቸው የሰው ድምፅ ተሰማ። በመጨረሻ የበሩ ብረት ሲጢጥ ሲልና የፈረሱ ኮቴ በድንጋዩ ላይ ሲርቅ ሰሙ። እትዬ ኮቴው እስኪጠፋ ጠበቀች።

«ላይ ደግሞ ማን አለ?» አለች።

ባቡር ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ከመስኮቱ ሥር ያለችው። ቅድም ነው ያረፈችው።»

እትዬ ጎንበስ ብላ የቃሬዛውን የኋላ እጀታ ያዘችና እሱ የፊቱን እስኪያነሣ ጠበቀች። ከዚያም አንዴ እንኳ ወደ በሩ ሳትዞር ወደ ደረጃው ተከተለችው።